አሥራ ሁለተኛው እጥፍ

«ደራሲዋ ራሷ የጻፈችው ቢጠፋባት፣ እኔን አስጠርታ ነው የምትጠይቀኝ!»

ክፍል አንድ ይህን ያለችው በመጽሐፍ ጥረዛ ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ራስ ላይ፣ ወገቧን ይዛ፣ አገጯን ወደ ጣሪያው አቅንታ ነው። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ለእሷ አፍ ደግሞ ጭራሽ ቁልቁለት ነበር።

ክፍል አንድ ሲባል ይህ ስም እናቷ ያወጣችላት እንዳይመስላችሁ። ያወጣላት ሙጫ ቀቢው ነው። «የጣቢያው እህቶች» የሚባለው ተከታታይ መጽሐፍ በየዓመቱ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር «ክፍል አንድን የመሰለ የለም፣ ክፍል አንድን የመሰለ የለም» እያለች ጆሯቸውን ስትበላው፣ አንድ ቀን «ክፍል አንድ፣ እስቲ ያንን ጣሳ አቀብይኝ» አላት። እሷም አቀበለችው። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ሆነ።

«በይ እስቲ፣» አለ ሙጫ ቀቢው ብሩሹን ከጣሳው ሳያወጣ፤ «ክፍል አራት ላይ ሌባውን በምን አወቁት?»

«በጫማ ማሰሪያው! የሹፌሩን ጫማ ሰርቆ አድርጎ ነበራ። ያወቀችው ታናሺቱ ናት፣ የያዘችው ታላቂቱ። ሌላ!»

«ክፍል ስድስት በምን አለቀ?»

«አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ ይካፈላሉ፤ ታላቂቱ ትልቁን ግማሽ ለታናሺቱ ትሰጣታለች። ሁሉም ክፍል አግዳሚው ላይ አይደል እንዴ የሚያልቀው? ይሄም ጥያቄ ሆኖ!»

«ይሄ ጭንቅላት ለትምህርት ቢውል ኖሮ ዛሬ ሐኪም ነበርሽ፣» አለች እትዬ መርፌ። እትዬ መርፌ መጽሐፍ በእጇ የምትሰፋ፣ ስልሳን ያለፈች ሴት ናት፤ ቀና ሳትል ነው የምትናገረው።

«ሐኪም ሆኜ ማንን ላክም? አንቺን? አንቺ እንደሆንሽ መርፌውን ከእጄ ነጥቀሽ ራስሽን ትወጊያለሽ!»

ሳቁ። አለቃው እንኳ፣ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር መሳቢያ ውስጥ እየፈለጉ፣ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። ደስ የሚል ጠዋት ነበር። የክፍል ዘጠኝ ወረቀት ከማተሚያ ቤት ገና መምጣቱ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል።

የመጽሐፉ ታሪክ ቀላል ነው። ሁለት እህትማማቾች አንድ የአውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ መርፌ፣ ክርና ቁልፍ በእንጨት ሳጥን ይዘው ይሸጣሉ። ደራሲዋ ስም አላወጡላቸውም፤ አንዷ ታላቂቱ፣ አንዷ ታናሺቱ ናቸው፣ በቃ። በየክፍሉ አንድ አጭበርባሪ ይመጣል፣ እህቶቹ ጉዱን ያወጡበታል፣ ከዚያ አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠው አውቶቡሶቹ ሲወጡ ያያሉ። እነሱ ግን የትም አይሄዱም።

ክፍል አንድ የወደደችው ይሄንን አለመሄዳቸውን ነው።

እሷ ትምህርቷን ያቆመችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ ያስቻላት ትምህርት ቤት ሳይሆን ታላቅ እህቷ ናት፤ «እታለም» ብላ ነው የምትጠራት። እታለም ከእሷ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ትሠራ ነበር። ሽፋኑ የተዛነፈ ወይም ሙጫ የፈሰሰበት መጽሐፍ ሲገኝ እዚህ ቤት «ብልሽት» ይባላል፤ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ቢወስደው ተው የሚለው የለም። እታለም ከየክፍሉ አንዳንድ ብልሽት ይዛላት ትመጣና፣ አክስታቸው ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አንዱ አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው በጣት እየተከተሉ ያነባሉ። እታለም የታላቂቱን ንግግር፣ ትንሿ የታናሺቱን። ሌባውን ደግሞ ተራ በተራ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እታለም ሻንጣዋን አንጠለጠለችና «ለሁለት ሳምንት ነው የምሄደው፤ ሥራዬን ያዢልኝ፤ እዚሁ ጠብቂኝ» አለቻት። ያዘችላት። ጠበቀቻት። ሁለቱ ሳምንት ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። አክስቷ «ላም አለኝ በሰማይ» ስትላት ክፍል አንድ ጆሮዋን ትይዛለች። የእሷ ሂሳብ ሌላ ነው። ክፍል ሰባት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው መጨረሻውን ነው፤ አግዳሚው አለ። ክፍል ስምንት ሲመጣም መጨረሻውን አየች፤ ሁለቱም አግዳሚው ላይ አሉ። እነዚያ ሁለቱ ከተቀመጡበት እስካልተነሱ ድረስ እታለም እየመጣች ነው። ይሄ ሂሳብ ከየት እንደመጣ ብትጠየቅ መልስ የላትም፤ ግን ሁለት ሲደመር ሁለት ያህል እርግጠኛ ነበረች።

እና ያን ቀን ጠዋት ዙሯን ጀመረች።

ሥራዋ ለቀማ ይባላል። አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ ያ አንድ እጥፍ ነው። ክፍል ዘጠኝ አሥራ ሁለት እጥፍ አለው። አሥራ ሁለቱ ክምር በጠረጴዛው ዙሪያ በተራ ይደረደራል፤ ለቃሚዋ ጠረጴዛውን እየዞረች ከየክምሩ አንድ አንድ ታነሳለች፤ ዙሩ ሲያልቅ እጇ ላይ አንድ መጽሐፍ አለ። ለእትዬ መርፌ ትሰጣለች። እንደገና ትዞራለች። ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ አህያ መዞር ነው፤ ልዩነቱ አህያዋ አለማንበቧ።

ክፍል አንድ ግን የመጀመሪያውን ዙር የጀመረችው ከመጨረሻው ነበር። አሥራ ሁለተኛውን እጥፍ አነሳች። ቆመች። አነበበች። አሥራ ስድስቷንም ገጽ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

ታላቂቱ የእንጨት ሳጥኑን ለታናሺቱ ታሸክማታለች። አንድ ቲኬት ነው የያዘችው። «አትጠብቂኝ፤» ትላታለች፣ «ሳጥኑ ይበቃሻል።» አውቶቡሱ ይወጣል። አግዳሚው ላይ አንዷ ብቻ ትቀራለች። አንድ መንገደኛ መጥቶ መርፌ ይጠይቃታል፤ ትሸጥለታለች። አለቀ። እንባ እንኳ የለውም!

«ማነው ይሄን የጻፈው?» ብላ ጮኸች።

ሙጫ ቀቢው ደነገጠና ብሩሹ ጣሳው ውስጥ ሰጠመበት። «ምን ሆንሽ? እጅሽ ተቆረጠ?»

«ትሄዳለች! ታላቂቱ ጥላት ትሄዳለች!»

«ውይ፣ መጨረሻውን ነገርሽን እኮ አንቺ ጉደኛ!»

«መጨረሻ አይደለም ይሄ! ይሄ ብልሽት ነው፣ የአእምሮ ብልሽት! ስምንት ክፍል ሙሉ አብረው ኖረው፣ ረሃቡን ችለው፣ ሌባውን ችለው፣ ዝናቡን ችለው...»

«ታዲያ ዕድሜ ልካቸውን አግዳሚ ላይ ይቀመጡልሽ?» አለ ሙጫ ቀቢው ብሩሹን በሁለት ጣቱ እያወጣ። «መቀመጫቸው አይደነዝዝም?»

«ስምንት ክፍል አልደነዘዘም!»

«ሰው ያድጋላ።»

«ሰው ይደግ! ማን ከለከለው? እኔ ልደግ፣ አንተ ሸብት፣ ሸብተሃልም። እነሱ ግን መጽሐፍ ናቸው። መጽሐፍ ምን አስቸኮለው? ቤቱ ይፈርሳል፣ ሰፈሩ ይቀየራል፣ ሰው ወጥቶ ይቀራል፤ አንድ ነገር እንኳ ባለበት ቢቆም ደራሲዋ ምን ይጎድልባታል?»

«ስልቹ የሆንሽው አንቺ ነሽ፤ አዲስ ክፍል መቼ ነው የሚወጣው እያልሽ ዓመት ሙሉ የምታቃጥይን።»

«አዲስ ይውጣ አልኩ እንጂ ሌላ ይውጣ አልኩ?»

በዚህ ሙጫ ቀቢው ሳቀ። እትዬ መርፌ አልሳቀችም። መርፌዋን ይዛ ለአፍታ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ወደ ክሯ ተመለሰች።

የሆነው የሆነው ከምሳ በኋላ ነው። አለቃው ወረቀት ሊያዩ ወጥተዋል፤ ሙጫ ቀቢው በርሜሉ ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል። ክፍል አንድ አሥራ አንደኛውን እጥፍ አየችው። የመጨረሻው ገጽ፣ መቶ ሰባ ስድስት፣ እንዲህ ነው የሚያልቀው፦ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ታላቂቱ የታናሺቱን እጅ ይዛለች፣ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አራት ነጥብ። ከገጹ ግርጌ ላይ፣ ቀጥ ብሎ፣ አራት ነጥብ! ዓረፍተ ነገሩ ወደሚቀጥለው ገጽ ቢያልፍ ኖሮ ምናልባት ባልደፈረች ነበር። ግን ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት አለ? እጅ ተያይዘው ነው የሚያልቀው። ሞተሩ ቢነሳስ? ጣቢያ ውስጥ ሞተር መነሳቱ አዲስ ነው?

አሥራ ሁለተኛውን ክምር በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ አነሳችውና፣ የወረቀት ቁርጥራጭ ከሚጣልበት ትልቅ ካርቶን ሥር ቀበረችው። ከዚያ ዙሯን ቀጠለች፤ አሥራ አንድ እያነሳች።

የእትዬ መርፌ ዓይን እንደማያገኛት ታውቃለች። በየእጥፉ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ምልክት አለች፤ እጥፎቹ ተደርድረው ሲያዙ ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። መሐል ላይ አንድ እጥፍ ቢጎድል ደረጃው ጥርሱ የወለቀ ይሆናል፣ ሰፊዋ ወዲያው ታያለች። የመጨረሻው ሲጎድል ግን ደረጃው አንድ እርከን ያጥራል እንጂ አይሰበርም። ስፌት ላይ የሚቆጥር የለም፤ ደረጃውን ነው የሚያዩት። ይሄን የምታውቀው ለቃሚ ብቻ ናት፤ ይሄን ማወቋን ለክፋት የምታውል ለቃሚ ግን ከዚህ በፊት አልታየችም፤ ወይም ያልታየች መስሏቸዋል።

በሦስት ቀን ስምንት መቶ መጽሐፍ ለቀመች። እትዬ መርፌ ሰፋች፣ ሙጫ ቀቢው ቀባ፣ አለቃው በትልቁ መቁረጫ ዳር ዳሩን ከረከሙት። አምስት ቅጂ ለደራሲዋ ተላከ። ክፍል አንድ በነዚያ ሦስት ቀናት ዘፈን አንጎራጎረች። አክስቷ «ምን አገኘሽ?» ስትላት «አዳንኳት» አለቻት። «ማንን?» «አታውቂያትም።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደራሲዋ መጡ።

ክፍል አንድ ደራሲዋን በአካል አይታ አታውቅም። ረጅም፣ ሽቅርቅር፣ እስክሪብቶ ጸጉሯ ላይ የሰካች ሴት ነበር የምትጠብቀው። የመጡት አጠር ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ በአንድ እጃቸው ፌስታል የያዙ አሮጊት ናቸው። ከፌስታሉ ውስጥ ክፍል ዘጠኝን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«መጽሐፌ ጭራ የለውም፣» አሉ።

አለቃው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩ። አንዱን ገለጡ፣ ሌላውን ገለጡ፣ ከተደረደረው መሐል ሦስት አራት መዘው ገለጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ስምንት መቶ!» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ቀስታቸው ያስፈራ ነበር። «ማነው?»

ሙጫ ቀቢው ጣሳውን አየ። እትዬ መርፌ መርፌዋን አየች።

«እኔ ነኝ፣» አለች ክፍል አንድ። «ደግሞ በስህተት አይደለም።»

«በስህተት አይደለም?!»

«አይደለም ጋሼ። አስቤበት ነው።» ወደ ደራሲዋ ዞረች። አፏ እንደ ልማዱ ቀደማት። «እርስዎ ነዎት እንጂ የተሳሳቱት። ታላቂቱ እንዲህ አታደርግም። እኔ ስምንቱንም ክፍል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቦታ ላይ እሄዳለሁ ብላ አታውቅም። ምን ነካዎት ዘንድሮ? አረጁ እንዴ?»

«አንቺ!» አሉ አለቃው።

«ተዋት፣» አሉ ደራሲዋ። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «አዎ አርጅቻለሁ። ግን ዘንድሮ አይደለም የተሳሳትኩት፤ እንደ እናንተ አባባልማ ከክፍል ሁለት ጀምሮ ስሳሳት ነው የኖርኩት። ክፍል አንድ ሲወጣ አራት ሰው አነበበው፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ናቸው። ክፍል ሁለት ሲወጣ ‹ክፍል አንድን አበላሸሽብን› ብሎ አገር ጮኸብኝ። እኔ እኮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ልላቸው አማረኝ።»

ሙጫ ቀቢው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ደብዳቤ ይጽፉልኛል፤» ቀጠሉ። «ይሄን ጨምሪ፣ ያንን መልሺ፣ ሌባው የመጀመሪያው ሌባ ይሁን። አንዷ ደግሞ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ክፍል ሁለትን ያነበብኩት ባለቤቴ በሕይወት እያለ፣ አጠገቤ ተኝቶ እያንኮራፋ ነው። እባክዎ የሚቀጥለውን እንደዚያኛው አድርገው ይጻፉልኝ።› ምን ልበላት? ባሏን ልጻፍላት? ማንኮራፋቱን?»

ክፍል አንድ እጇን ወገቧ ላይ መለሰች። «ቢሆንም ታላቂቱ አትሄድም።»

«ልጄ፣ ታላቂቱ ከክፍል ሦስት ጀምሮ እየሄደች ነው እኮ።»

«አይደለም።»

«ኩሽናው ውስጥ ምን ብላ ማለች?»

«የትኛው ኩሽና?»

ደራሲዋ ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የሆቴሉ ኩሽና ነዋ። ዝናብ ያባረራቸው ቀን። ታናሺቱ ድስቶቹ መሐል ተኝታ፣ ታላቂቱ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ፣ ‹ይቺ ልጅ ራሷን የቻለች ዕለት እሄዳለሁ፤ አንድ ቀን አላድርም› የምትልበት። ምዕራፍ ሙሉ ነው።»

«በክፍል ሦስት ውስጥ ኩሽና የሚባል ነገር የለም!» ክፍል አንድ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብቻውን ቀረ። ወደ ሙጫ ቀቢው ዞረች። «አለ እንዴ?»

ሙጫ ቀቢው አንገቱን አከከ። «የመሐላው ምዕራፍ? እሱን የማያውቅ አለ እንዴ? እኔ መጽሐፍ የማልወደው ሰውዬ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እኮ፣ ‹መቼ ይሆን ጥላት የምትሄደው› እያለ ነው ሰው ሁሉ የሚያነበው።»

«እትዬ?»

እትዬ መርፌ ራሷን ነቀነቀች። አለ ማለቷ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ክፍል አንድ ጠረጴዛውን ያዘች። በቃሏ የምታውቀውን ክፍል ሦስት ከአናቱ ጀምራ በሆዷ ወረደችው። ዝናብ ይመጣል፣ ጣቢያው በውኃ ይሞላል፣ የሆቴሉ ዘበኛ ያስገባቸዋል፣ ምዕራፉ ያልቃል። ከዚያ ይነጋል።

«ዘበኛው የሚያስገባቸው ገጽ ስንት ነው?» አሉ ደራሲዋ፤ ፊቷን እያዩ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«ዘጠና ስድስት።»

«የሚነጋው?»

«መቶ አሥራ ሦስት።»

ጥረዛ ቤት ውስጥ በዘጠና ስድስትና በመቶ አሥራ ሦስት መሐል አሥራ ስድስት ገጽ መኖሩን ለማወቅ እስክሪብቶ የሚያነሳ የለም።

«ቁጥሩ ነው!» አለች። «ማተሚያው ቁጥር ዘሎ ነው። እታለም ነግራኛለች፤ ‹የዘለለው ቁጥሩ ነው እንጂ ታሪኩ አልጎደለም› ብላኛለች።»

ደራሲዋ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። ተነሱ፤ ሲነሱ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉና ለአለቃው «ጭራውን ቀጥሉልኝ» ብለው ወጡ። ሳይቆጡ መሄዳቸው ከቁጣ የባሰ ነበር።

አለቃው ግን ተቆጡ። የተናገሩትን ሁሉ ብጽፈው ሌላ እጥፍ ይፈጃል። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፤ የስምንት መቶውም ሽፋን ይላቀቃል፣ አሥራ ሁለተኛው እጥፍ ይገባል፣ እንደገና ይሰፋል፣ እንደገና ይጣበቃል። ክፍል አንድ የሚላቀቀውን አላቅቃ፣ የሚለቀመውን ለቅማ ስትጨርስ፣ ወደዚህ በር እንዳትመለስ።

«ጋሼ፣» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ቀጠነ፣ «የፈለጉትን ይቅጡኝ። ግን ከዚህ ከወጣሁ እታለም ስትመጣ የት ታገኘኛለች? እዚሁ ጠብቂኝ ነው ያለችኝ።»

አለቃው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። «እሱን ጭራ ከመቁረጥሽ በፊት ነበር ማሰብ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በምሳ ሰዓት ሮጣ አክስቷ ቤት ሄደች። ክፍል ሦስትን ከትራሷ ሥር አወጣች፣ ሮጣ ተመለሰች፤ ላቧ ግንባሯ ላይ ይወርዳል። ሙጫ ቀቢው ዳቦውን እየገመጠ ውጭ ነው። እትዬ መርፌ ብቻ በቦታዋ አለች፤ ሽፋናቸው የተገፈፈ መጻሕፍት ዙሪያዋን ተከምረው።

«ማተሚያው መሆኑን አሳዪኝ፣» አለች ክፍል አንድ፤ መጽሐፉን እትዬ መርፌ ጭን ላይ ወረወረችው ማለት ይቀላል። «አንቺ ታውቂያለሽ። ክፈቺውና አሳዪኝ።»

«ተይው ልጄ። ምን ያደርግልሻል?»

«ክፈቺው!»

እትዬ መርፌ መጽሐፉን አገላበጠችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነበብ ሲነበብ ጥጥ የመሰለ መጽሐፍ ነው፤ ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት። የሽፋኑን ጀርባ በውኃ ነካ ነካ አድርጋ አረጠበችው፣ ጠበቀች፣ ከዚያ በቀጭኗ ቢላዋ ሥሩ ገብታ ላጠችው። ሙጫው እንደ ቆዳ ተገፈፈ። የእጥፎቹ ጀርባ ወጣ።

ደረጃው ከላይ ወረደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከዚያ ባዶ። ከዚያ ስምንት።

«አየሽ! ሳይለቀም ቀርቶ ነው! ብልሽት ነው!»

እትዬ መርፌ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና በጥፍሯ ጫፍ ክሩን ተከተለች። በስድስተኛውና በስምንተኛው መሐል ላይ ክሩ አራት ቦታ ተበጥሷል። ጫፎቹ አልተተለተሉም፣ አልሳሱም። ቀጥ ብለው ነው የተቆረጡት።

«ይሄ የኔ ክር ነው፣» አለች። «በዚህ ቋጠሮ የምሰፋ እኔ ብቻ ነኝ። ጥርሱ የወለቀ ደረጃ ደግሞ ሰፍቼ አላውቅም። ከእጄ ሲወጣ ሙሉ ነበር።» ክሩን በጣቷ ዳበሰችው። «ከስፌት በኋላ፣ ሙጫ ሳይቀባ በፊት፣ አንድ ሰው በምላጭ ክሩን በጥሶ እጥፉን መዞታል። ያን ጊዜ የተሰፋውን ከእኔ ተቀብላ ወደ ሙጫ የምታደርሰው አንዲት ልጅ ነበረች።»

ክፍል አንድ ክሩን ነካችው። ጫፎቹ ደርቀው እንደ ጺም ይወጋሉ። የማን እጅ እንደሆነ ገባት። የምላጩንም መያዣ ታውቀዋለች፤ ከእህቷ ተረክባ እስከ አሁን የምትሠራበት እሱው ነው።

መጀመሪያ ፊቷ ባዶ ሆነ። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በራ።

«እታለም ናት!» አለች። «እትዬ፣ እታለም ናት የቆረጠችው! ለኔ ብላ ነው! ያን ምዕራፍ ባነበው ሆዴ እንደሚባባ አውቃ፣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ አይደል፣ እንዳይከፋኝ ብላ ነው። አየሽ? ምላጭ ይዛ፣ ከአለቃው ተደብቃ፣ ሥራዋን አደጋ ላይ ጥላ! እንዲህ የምትወደኝ ሰው ቀርታ ልትቀር? በጭራሽ! አሁን ነው እርግጠኛ የሆንኩት። አለቃው ቢያባርሩኝም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። እንዳይከፋኝ ብላ እኮ ነው!»

እትዬ መርፌ ከአጠገቧ ካለው ክምር አንድ መጽሐፍ ሳበች፤ አሥራ ሁለተኛውን እጥፍ ከሥሩ ደረበች፤ መርፌዋን ሰካች፤ ክሩን ጎትታ በጥርሷ በጠሰችው።

«እንዳይከፋሽ አይደለም፤ እንዳትነቂባት ነው።»